ሰማንያ ደረጃ

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ ብሎክ መቶ አርባ፣
ውሃ ፎቅ አይወጣም፣ በቧንቧ ቢገባ።
ምድር ቤት ደርሶ ነው ትንፋሹ የሚያጥረው፤
ከዚያ በላይ ያለውን ጫንቃ ነው የሚያሻግረው።

እኔም በየማታው፣ ሃያ ሊትር ውሃ በቀኜ አንጠልጥዬ፣
ሰማንያውን ደረጃ ስቆጥር፣ ስቆጥር፣ ቢታክተኝ ቁጥሩን ጥዬ፣
በቁጥሩ ፈንታ ቃል አኖርኩበት፤
በአንድ እርከን አንድ ቃል፣ በከሰል ጻፍኩበት።

ቃሉ የእንግሊዝ ነው፤ ረጅም፣ አፍ የሚሞላ፣
ሳይላመጥ የማይዋጥ፣ እንደ ጥሬ ባቄላ።
«ጉድ» እና «ባድ» አይደል፣ እሱማ ድሮ አልቋል፤
የነጻ ትምህርቱ ፈተና ከዚያ ወዲያ ርቋል።
መዝገበ ቃላቴን ከመገናኛ አስፋልት በመቶ ብር ገዛሁ፤
ከ«ኤስ» ወዲያ የለውም፤ ቤት ገብቼ አየሁ።
«እስኪ መጀመሪያ እዚያ ድረስ!» አለኝ ሻጩ፤
ጓደኞቹ ሳቁ፣ እንደ ወፍ ተንጫጩ።

ቀን ቀን ገላን ወርጄ፣ ከሲሚንቶው መጋዘን እውላለሁ፤
ኩንታል እቆጥራለሁ፣ ኩንታል እጽፋለሁ።
ማታ ነው ትምህርቴ።

መጀመሪያው እርከን «ሪላክታንት» ይላል፤
እግር ሽቅብ ሲያዘግም ልብ ቁልቁል ይላል።
ቀጥሎ «ሜቲክዩለስ»፤ የወይዘሮ ትርንጎ መጥረጊያ፣
ለአንድ ቅንጣት ጤፍ እንኳ የማይሰጥ መሸሸጊያ።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ «ፕሮክራስቲኔት» አለ፤
ኮሚቴው ነው እሱ፣ ፓምፑን «ነገ፣ ነገ» እያለ።
ሦስተኛው መታጠፊያ፣ ጫፉ የተሸረፈ፣ ብረቱ የወጣ፣
«ፕሪኬሪየስ» አልኩት፤ ያልወደቀ፣ ያልቆመ፣ የሁለቱ ጣጣ።
«ኤፌመራል» ከላይ፣ ከበሬ ፊት ለፊት፤
መጣ ሲሉት የሚሄድ፣ እንደ ቧንቧ ፉጨት።

የወርዶፋ ልጆች ለካ ያነቡታል።
ትንሿ ሲፈን፣ ወንድሟ ኳሷን ሲነጥቃት፣
«አንተ ፕሮክራስቲኔት!» አለችው፣ ንዴት ሲያንቃት።
ልጁም አለቀሰ። ከስድብ ሁሉ የከፋ
ትርጉሙ ያልታወቀ ነው፤ መመለሻው የጠፋ።

ወይዘሮ ትርንጎ ባልዲዋን አሳርፋ ጠየቀችኝ አንድ ማታ፦
«ውሃው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጥቶ፣ ባልዲው ሳይሞላ ሲገታ፣
ነቅቶ የጠበቀ ሰው የሚሰማው፣ ያ ነገር፣
ምን ይባላል በእነሱ አገር?»
ገለጥኩ። ከ«ኤ» እስከ «ኤስ»። ፈልጌ ቢጠፋኝ፣
«ምናልባት ከ‹ቲ› ወዲያ ነው» አልኳት፤ ውሸቴ ከነከነኝ።
«እኛም ጋ የለው» አለች፣ «ስም ሳናወጣ ለመድነውና።»
ባልዲዋን አነሣች፤ ሄደች፣ አጎንብሳ እንደገና።

በግንቦት ቀለም መጣ፤ ኮሚቴው ወሰነ።
ከሰሌ ከግራጫ ሥር ተቀብሮ ባከነ፣
ብዬ አዝኜ ነበር።
ሶፋ ከሚያወጡት መሐል የወርዶፋ ድምፅ እስኪደርስ፦
«ወደ ግራ! ወደ ግራ! ፕሪኬሪየስ ላይ ቀስ!»
አንዷ ደግሞ በስልክ፦ «ቁልፉ ኤፌመራል ጋ ነው፣ ምንጣፉን ግለጭው።»
ሌላዋ እያለከለከች፦ «ፕሮክራስቲኔት ደርሻለሁ፣ ሩዙን ብቻ አውጪው!»
ትርጉሙን አያውቁም። ወይ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤
እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ እነሱ ይረግጡታል።

ሰኔ ላይ ተፈተንኩ፤ ስድስት ኪሎ፣ ቀዝቃዛ አዳራሽ፣
ወረቀት ሲገለጥ ብቻ የሚሰማበት ኮሽ ኮሽ።
ጥያቄ ሠላሳ አንድ ላይ ያ የተሸረፈው ቃል ቆሞ ጠበቀኝ።
ምርጫዎቹን አላነበብኩም፤ ተረከዜ ሸሸ፣ እጀታው ጣቴን ጠመቀኝ፤
አእምሮዬ ሳይሆን ጉልበቴ ነው መልሱን የለየው፤
ወለሉ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ሰማሁ፤ ማንም አላየው።

ውጤቱ እስካሁን አልወጣም።
ውሃውም ገና አልወጣም።
እኔ እወጣለሁ።